ያሸነፈ ሁሉ መሪ ነው እንዴ?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ሥልጣንን ከገበታ ለይተን ማየት አቅቶን ስንት ዘመን ኖርን! ይህን አባባል የሚሞግት ተረት ግን በእጃችን አለ። እሱም አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ እየተባለ የሚጠራው «ጦቢያ» ነው።

ላላነበበው በአጭሩ ልንገር። አንድ የክርስቲያን ጦር አዝማች ድል ሆኖ ይማረካል። ቤቱ በሐዘን ይመታል። ከመንትያ ልጆቹ አንዱ፣ ዋህድ፣ አባቱን የሚያስለቅቅበት ገንዘብ ፍለጋ ይወጣል፤ የማያውቀው ነጋዴ አዝኖለት ይሰጠዋል። አባት ይፈታል፤ በኋላ ደግሞ ልጅ ይጠፋል። ያን ጊዜ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትነሣለች። መጨረሻው? ክርስቲያን ያልነበረው ንጉሥ የጠላቱን ወገን በክብር ይቀበላል፤ ጦቢያን ይወዳል፤ ተጠምቆም ያገባታል።

«እንዲህ ያለ ንጉሥ የት አለ? ተረት ነው!» የሚሉ አሉ። አዎ፣ ተረት ነው። የመጠመቁንም ነገር፣ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙና የዋቄፈና አማኙ አብሮ ቡና በሚጠጣባት ዳሪሙ ሆኜ ሳነበው፣ ደራሲው ያዩትን ያህል ትልቅ ድል አልመስልህ ይለኛል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ንጉሡ ጉልበት በእጁ ሳለ በስደተኞቹ ላይ አልጨከነም።

የእኛዋ ኢሉባቦር ምርኮን በተረት ሳይሆን በእውን ታውቀዋለች። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ የመንግሥቱ መቀመጫ የሆነችው ለመቱ ጎረቤት ጎሬ ነበረች። ራስ እምሩ እዚሁ ምዕራብ ሲታገሉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተያዙ፤ ወደ ጣሊያንም ተጋዙ። የጦቢያ አባት ዕጣ ደረሳቸው! ለመሆኑ የጦቢያ ደራሲ ያኔ የት ነበሩ? ከወራሪው ጎን! «አፈ ቄሳር» ተብለው አገለገሉ፤ ከነፃነት በኋላም በግዞት ጅማ ላይ ሞቱ። ለምርኮኛ ያዘነው ብዕር ከማራኪው ጋር ቆመ።

ታዲያ መጽሐፉን እንጣለው? የለም። ደራሲው ቢሸሹትም ጥያቄው ዛሬም እኛው ዘንድ ነው።

በ2013 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ በፊርማ ቆመ ተባለ። ልጇ የት እንደወደቀ ያልተነገራት እናትስ ምን ተፈረመላት? እዚሁ በምዕራቡ፣ ልጁ ጫካ ይግባ እስር ቤት ይግባ ሳያውቅ በር በሩን የሚያይ አባትስ? ሹሞቻችንን ለችግኝ ተከላና ለምርቃት ሪባን ተሰልፈው እናያቸዋለን። በለቅሶ ድንኳን ከኛ ጋር ቁጭ ሲሉ ያየናቸው ግን ስንቴ ነው?

የምጠይቀው ሰማይ አይደለም። የሞተው ለቤተሰቡ ይነገር፤ ሰው እርሙን ያውጣ። የታሰረው ስሙና ያለበት ቦታ ይገለጽ፤ ፍርድ ቤት ይቅረብ። የጠፋው ይፈለግ። ይህን ለማድረግ የውጭ ብድር አያስፈልግም፤ ሕዝብ ሲያዝን አብሮ የሚያዝን አንጀት እንጂ።

ወገን ሆይ! ጠመንጃ ያለው ያሸንፍ ይሆናል። ያሸነፈውን ሕዝብ ሐዘን የማይሰማ ግን ገዢ ነው እንጂ መሪ አይባልም። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!