የጽድና የወይራ ደን ይመለስ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ሰፊ ቦታ ሸፍኖ የነበረው የጽድና የወይራ ደን በእርሻ፣ በማገዶና በልቅ ግጦሽ ምክንያት ተመናምኗል። በብዙ ስፍራ ቅሪቱ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ደን ሲጠፋ ብዙዎች ባሕር ዛፍ ለመትከል ይጣደፋሉ። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ የጠፋውን ደን አይተካም።

የተራቆተ መሬት ከብትና ምሳር ካልደረሰበት ብዙውን ጊዜ ራሱን ለማዳን ይችላል። በመጀመሪያ ክትክታ፣ ደደሆና አጋም ይበቅላሉ። የጽድንና የወይራን ፍሬ የበሉ ወፎች በነዚህ ቍጥቋጦዎች ላይ ሲያርፉ ዘሩን ከኵሳቸው ጋር ይጥላሉ። ጽድ ብርሃን ስለሚወድ በገላጣ ስፍራ ይነሣል፤ የወይራ ችግኝ ግን የቍጥቋጦውን ጥላ ይሻል። ስለዚህ ቍጥቋጦን እንደ ከንቱ ነገር መመንጠር ሕፃንን ከሞግዚቱ እንደ መንጠቅ ይቆጠራል። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቀሩት እናት ዛፎች ከተቈረጡም ወፍ የምታመጣው ዘር አይኖርም። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻን ተራራ በጽድ ያለበሱት ዘሩን ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው ነው ይባላል።

መሬት ሲከለል ችግሩ የሚወድቀው የከብቱን መሰማሪያ ባጣው ገበሬ ላይ ነው። የእርሱ ጥቅም ካልታሰበ ክልከላው አይከበርም። ስለሆነም በተከለለው ቦታ የበቀለውን ሣር እያጨደ ለከብቶቹ እንዲወስድ ሊፈቀድለት ይገባል። ጥቅሙን ያየ ገበሬ ለደኑ ከዘበኛ የበለጠ ጠባቂ ይሆናል።