«ያድሳል» የሚባለው የክርን መርፌ ማንን ነው የሚያድሰው?



ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ። ጉዳዩ የክርን ሕመም ነው። «የክርን ሕመም ደግሞ ምን ፖስት ያስፈልገዋል?» የምትሉ ካላችሁ፣ እንጀራ ጋግራ የምታድር እናት፣ ቀኑን ሙሉ ጸጉር ሲቆርጥ የሚውል ወጣት፣ ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴ የሚያዞር መካኒክ፣ ወይም ሰባት ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የጻፈ መምህር ጠይቁ። ሲኒ ማንሳት እንኳን የሚያቅትበት ቀን አለ።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ለቆየ የክርን ጅማት ሕመም «ጅማት ያድሳል» እየተባለ በውድ የሚሸጠው የፕላዝማ መርፌ፣ ፒአርፒ የሚሉት፣ ዛሬ በእጅ ባለው ማስረጃ ከጨው ውሃ መርፌ ይህ ነው የሚባል ብልጫ የለውም። ይሄን እያወቀ የሚሸጥ ሰው የድሃ ኪስ እያወለቀ ነው። ሳያውቅ የሚሸጥ ካለ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያንብብ። ሦስተኛ ምርጫ አይታየኝም።

«አንተ የዲፕሎማ መምህር፣ ሕክምና ምን አገባህ?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ማንንም አላክምም። ግን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው እውቀት ደግሞ ክፍል ውስጥ አብረን የተማርነው ነው። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

ሕመሙን ፈረንጆች «ቴኒስ ኤልቦው» ይሉታል። ስሙ ያሳስታል፣ ከሚታመሙት አብዛኞቹ በሕይወታቸው ራኬት ጨብጠው አያውቁም። የእጅ አንጓችንን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች ክርን ላይ በውጭ በኩል ካለችው የአጥንት ጉብታ ጋር በጅማት ይያያዛሉ። መዳፍን ወደ መሬት አድርጎ ጨብጦ ማንሳት፣ እርጥብ ልብስ መጭመቅ፣ ብሎን ማጥበቅ፣ ሁሉም ያቺን ጅማት ይጎትታል። አክንባሎ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ቁጠሩና ንገሩኝ።

ድሮ ነገሩ ብግነት ነው ይባል ነበር። በኋላ ኒርሽል የሚባል አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ሥራ፣ ከታመመው ጅማት የተወሰደውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የብግነት ሴሎች ሳይሆኑ የተዘበራረቀና ያረጀ የጅማት ክር እንዳገኙ ገለጹ። ጅማቱ አልተቆጣም፣ አርጅቷል ማለት ነው።

ከዚህ ነው «የማደስ» ሐሳብ የመጣው። ጅማቱ ካረጀ ይታደስ! ከበሽተኛው ክንድ ደም ይቀዳል፣ በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን ይለያል፣ ፕሌትሌት የበዛበት ቢጫ ፈሳሽ ተወስዶ ክርኑ ላይ ይወጋል። ፕሌትሌት ቁስል በሚድንበት ጊዜ ሥራ ያላቸውን የእድገት ንጥረ ነገሮች ስለሚይዝ ጅማቱን ያድሰዋል ተባለ። ሐሳቡ ያምራል። እኔም ክፍል ውስጥ ባስረዳው ተማሪ በደስታ ነው የሚሰማው። ችግሩ፣ ያማረ ሐሳብ ሁሉ ሲሞከር አይሠራም።

ተማሪዎቼ፣ «የቁጥጥር ቡድን» የሚለውን ታስታውሳላችሁ አይደል? በሁለት ቆርቆሮ ባቄላ እንዘራለን። አንዱ ላይ ማዳበሪያ እንጨምራለን፣ ሌላው ላይ አንጨምርም። ውሃውም ፀሐዩም አንድ ነው። ለምን ሁለት ቆርቆሮ አስፈለገ? ማዳበሪያ ያለበት ብቻ ቢሆንና ባቄላው ቢያድግ፣ ያሳደገው ማዳበሪያው ይሁን ውሃው አናውቅማ! ያለ ማዳበሪያም ባቄላ ያድጋል።

እንግዲህ የክርን ሕመምም እንደ ባቄላው ነው። ምንም ሳይደረግለት ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሻለዋል። ይሄን ያዙልኝ፣ የጽሑፌ ልብ እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በታዋቂው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ወጣ። 165 የክርን ሕመምተኞችን ይዘው ገሚሱን የስቴሮይድ መርፌ፣ ገሚሱን የጨው ውሃ መርፌ ወጉ። ከዓመት በኋላ ድኗል ወይም በጣም ተሽሎታል የተባለው ስቴሮይድ ከተወጋው 83 በመቶ፣ የጨው ውሃ ከተወጋው ደግሞ 96 በመቶ ሆነ! ሕመሙ ያገረሸበትስ? በስቴሮይድ 54 በመቶ፣ በጨው ውሃ 12 በመቶ። ስቴሮይዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እፎይ ያሰኛል፣ ከዚያ ይመልስባችኋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ «አንዴ ወግተው ገላገሉኝ» እያላችሁ በየሦስት ወሩ ለምትመላለሱም ወንድም እህቶቼ መልእክቱ ይድረሳችሁ።

አሁን ያንን 96 በመቶ ደግማችሁ እዩት። ጨው ውሃ ነው እኮ! ታዲያ አንድ ክሊኒክ «ከወጋናቸው 90 በመቶው ድነዋል» ብሎ ቢለጥፍ ምን አሳየን? አንድ ቆርቆሮ ነው ያሳየን። ሁለተኛው ቆርቆሮ የታለ? ቲክቶክ ላይ እጇን እያወዛወዘች «እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ዳንኩ» የምትለው እህትም አትዋሽም። ድናለች። ግን ባትወጋም ትድን ነበር ወይ የሚለውን ቪዲዮው ሊመልስልን አይችልም።

ሁለተኛው ቆርቆሮ ያለበትን ማስረጃ ከፈለጋችሁ አለ። ኮክሬን የሚባለው፣ የዓለምን የሕክምና ጥናቶች ሰብስቦ የሚመዝነው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 በዚሁ ጉዳይ ላይ ግምገማ አወጣ። 32 ጥናቶች፣ 2,337 ሰዎች። ከማስመሰያ መርፌ ጋር ባነጻጸሩት ጥናቶች፣ ከሦስት ወር በኋላ ከ10 በሚለካው የሕመም መጠን ላይ የደም ወይም የፕላዝማ መርፌው ያመጣው ልዩነት 0.16 ነጥብ ብቻ ነው። ከአንድ ነጥብ አንድ አምስተኛ እንኳን አይሞላም። ሕመምተኛው ልብ የማይለው ልዩነት ነው። እጅን በማሠራት በኩልም ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየም።

አሁን ወደ ክርክሮቹ።

«ከስቴሮይድ እንደሚበልጥ በጥናት ተረጋግጧል!» አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በኔዘርላንድስ 100 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ከዓመት በኋላ ፕላዝማው 73 በመቶ፣ ስቴሮይዱ 49 በመቶ ተሳክቷል አለ። ሻጮቹ የሚወዱት እሱን ነው። ግን ስቴሮይድ በዓመቱ ከጨው ውሃ የሚያንስ መሆኑን አሁን አየን። እሱን መብለጥ፣ እግሩ የታሰረ ሯጭ ቀድሞ «ሻምፒዮን ነኝ» እንደማለት ነው።

«ናዳል ተወግቶታል፣ ታይገር ውድስ ተወግቶታል!» ተወግተዋል። የተወጉት ጉልበታቸውን ነው፣ እናንተን የሚያማችሁ ክርን። ደግሞ እነሱ ከመርፌው ሌላ የሚንከባከባቸው የባለሙያ ቡድን አላቸው። ታዋቂ ሰው መወጋቱ ማስረጃ ቢሆን ኖሮ ሳይንስ ባላስፈለገን።

«የራስህ ደም ነው፣ ምን ይጎዳሃል?» መርፌው ራሱ ለቀናት ያምማል። ንጽሕናው ካልተጠበቀ ኢንፌክሽን አለ። ደግሞ ፒአርፒ አንድ ወጥ መድኃኒት አይደለም። ማሽኑ፣ የሚቀዳው ደም፣ የፕሌትሌቱ መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ፓራሲታሞል ስትገዙ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እዚህ ግን ምን ያህል ምን እንደተወጋችሁ አታውቁም። ዋናው ጉዳት ግን ገንዘቡ ነው።

ገንዘቡን ስል በወሬ አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት አሉ፣ ልጃቸውን አስተምሬዋለሁ። አንድ ክሊኒክ «ሦስት ጊዜ መወጋት አለብዎት» ብሏቸው ሁለቱን ተወግተዋል። የአንዷ መርፌ ዋጋ ከእኔ የወር ደሞዝ ይበልጣል። ክርናቸው ያው ነው። አሁን ለሦስተኛዋ የእቁብ ተራቸውን ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይረው ቀድመው ሊያወጡ ነው፣ ያ ብር ደግሞ ለጤፍ መግዣ ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ብቻ አይደለም። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድም ሰው «እናቴ፣ አክንባሎውን እንዴት ነው የሚያነሱት? ሊጡን በየትኛው እጅዎ ነው የሚያቦኩት?» ብሎ አልጠየቃቸውም። አንድም ሰው! ጅማቱን በየቀኑ የሚጎዳው ሥራ ሳይነካ፣ በላዩ ላይ ውድ ፈሳሽ ይጨመራል። ቀዳዳ ባልዲ ውስጥ ውሃ እንደመጨመር ነው።

ጥፋቱ የክሊኒክ ብቻ ነው እንዳልል ደግሞ እኛም አለንበት። እኛ አገር መርፌ ያልወጋ ሐኪም ሐኪም አይመስለንም። «ምክር ብቻ ሰጥቶ መለሰኝ» ብለን እናማዋለን። ወጌሻ ጋ ሄዶ የታሸውን ጎረቤታችንን «ኋላ ቀር» ብለን እንስቅበትና፣ እኛ ደግሞ የሚሽከረከር ማሽንና ነጭ ጋውን ስላየን ብቻ «ሳይንስ ነው» ብለን እንከፍላለን። ሳይንስ ማሽን አይደለም። ሳይንስ ሁለተኛው ቆርቆሮ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ተአምር አልሸጥላችሁም። እውነቱን ለመናገር ፊዚዮቴራፒም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠቅማል እንጂ ከዓመት በኋላ ታግሶ ከጠበቀው ሰው ጋር ልዩነቱ ይጠባል። ግን በእነዚያ ሳምንታት መሥራት መቻል ለእንጀራ ጋጋሪ ትልቅ ነገር ነው፣ ወጪውም ከመርፌው ጋር አይወዳደርም።

መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት፣ ክርኑ ነው ወይስ ከአንገት የሚመጣ ነርቭ? እጅ የሚደነዝዝ፣ ክርኑ ያበጠና የሚያተኩስ፣ ከመውደቅ በኋላ የመጣ፣ ወይም ክርኑ አልዘረጋም ያለ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ አትዘግዩ።

ሁለተኛ አነሳስን መቀየር። የገበያ ዘንቢልም ሆነ ባልዲ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ፣ ክርንን ወደ ሰውነት አስጠግቶ፣ ሲቻል በሁለት እጅ ማንሳት። ልብስ መጭመቁን ለጊዜው ለሌላ ሰው መተው። እጅን ጨርሶ ማሳረፍ ግን አይመከርም፣ ጅማት ሥራ ሲፈታ ይደክማል።

ሦስተኛ እንቅስቃሴ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙሉ፣ ግማሽ ኪሎ ነው። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፣ አንጓችሁ ከጠርዙ ወጣ ይበል፣ መዳፍ ወደ ታች። በሌላኛው እጅ እያገዛችሁ ወደ ላይ አንሱት፣ ከዚያ ብቻውን እስከ አምስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ከበዳችሁ ውሃውን ቀንሱ። ትንሽ ማመሙ ችግር የለውም፣ በነጋታው ከበረታ ግን በዝቷል ማለት ነው። በሳምንት አትጠብቁ፣ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሐኪሞች ወዳጆቼም ታነባላችሁ፣ አውቃለሁ። ብዙዎቻችሁ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ ለበሽተኛ ደቂቃ አጥታችሁ እንደምትሠሩም አያለሁ። ግን ዝም አትበሉ። የእናንተ ዝምታ ነው ማስታወቂያውን እውነት የሚያስመስለው።

ሌሎቻችሁ «ያድሳል» የሚል መርፌ ሲቀርብላችሁ፣ ፕላዝማም ይሁን የስኳር ውሃ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦

1. ከማስመሰያ መርፌ ጋር ሲነጻጸር በስንት ይበልጣል?
2. ባልወጋ በዓመቱ የመዳን ዕድሌ ስንት ነው?
3. ከመወጋቴ በፊት የሥራዬን አሠራር ያየልኝና እንቅስቃሴ ያሳየኝ ማን ነው?

መልሱ «የራስህ ደም ነው፣ አትጠራጠር» ከሆነ ቦርሳችሁን ዘግታችሁ ውጡ። የተሻለ ማስረጃ ያለው ሰው ካለ ኮሜንት ላይ ያምጣ፣ አነባለሁ። ሁለት ቆርቆሮ ያለው ይሁን እንጂ።

ክርኑን ለሚያመው ሰው ሼር አድርጉለት። ቸር ይግጠመን።