የሚቆረጠው የማን ክፍል ነው?



የድራማ ክበባችን በሴሚስተሩ መጨረሻ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳጥሮ በአዳራሻችን ለማሳየት መነሣቱን ስንሰማ በጣም ደስ ብሎን ነበር። ባለፈው ሳምንት የተዘጋጀውን ጽሑፍ ተቀብለን ስናነብ ግን ደስታችን ቀዘቀዘ። ትርኢቱ ከሁለት ሰዓት እንዳያልፍ ተብሎ ብዙ ነገር ተቆርጧል። በመቁረጡ አንከራከርም፤ ያን የሚያህል ወፍራም መጽሐፍ በአንድ ምሽት ተጫውቶ የሚጨርስ የለም። ክርክራችን የተቆረጠው የማን የማን ክፍል እንደ ሆነ አይተን ነው። የበዛብህ ወላጆች፥ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፥ የሉም። በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ገበሬዎች ከነመሪያቸው ከአበጀ በለው የሉም። ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ የተጓዘችው ያ ሁሉ መንገድ በተራኪ አፍ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋል። የተረፈው አንዲት ቆንጆ፥ አንድ ጎበዝ፥ እንባና መቃብር ነው።

የተጨመረም አለ። በፊታውራሪ ቤት ቡና የምታቀርብ አንዲት አገልጋይ በየትዕይንቱ ብቅ እያለች አማርኛ እየሰበረች እንድትናገር ተደርጓል፤ ተመልካች እንዲስቅ ነው። ይህች ሴት የክበባችን ፈጠራ ናት እንጂ የደራሲው አይደለችም። ሰባራው አማርኛም የማን አማርኛ እንደ ሆነ በአዳራሹ የሚቀመጥ ሁሉ ያውቀዋል። ከአጋሮ፥ ከሊሙ፥ ከጌራ የመጣው ተማሪ የእናቱ አነጋገር በመድረክ ሲሳቅበት እየሰማ አብሮ እንዲስቅ ይጠበቅበታል። (እኛም ብንሆን በእንደዚህ ያለ ቀልድ ስንቴ እንደ ሳቅን ብንቆጥረው ያሳፍረናል።)

«ሰው የሚመጣው ሊዝናና ነው» የሚል መልስ ሰጥተውናል። ይሁን። ነገር ግን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልቦለድ ከሁለት ወጣቶች ፍቅር የሰፋ ነው። ሁለቱን የለያያቸው ዘር ቈጠራ ነው። ፊታውራሪ ለዘራቸው የሚመጥን አማች አጥተው ልጃቸውን ቤት ያስቀመጡት፥ ገበሬው ያለ ልማዱ ግብር አልሰጥም ሲልም የተቈጡት፥ በአንድ ልብ ነው። ገበሬዎቹ ከመድረክ ከወረዱ የፊታውራሪ ኩራት ከየት እንደሚበላ አይታይም፤ ሰውየው አንድ ክፉ አባት ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ጉዱ ካሣም የሚናገረው ስለማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ለብቻው የሚያወራ ዕብድ ይመስላል።

ውድነሽንስ ስለ ምን እናስወጣታለን? ባሎቿ ስለ ሞቱባት «ገፊ» የተባለች ሴት ናት። ሞት በገባበት ቤት ተጠያቂ ሆና የምትቆመው ሴቲቱ መሆኗን ደራሲው በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አስቀምጦታል። በዛብህን ለእግዚአብሔር የተሳለችውም በዚያው ፍርሃት ነው፤ ስለቱም ኋላ የልጇን እግር አሠረው። እርስዋን አስወጥቶ የበዛብህን ጭንቀት ማሳየት እንዴት እንደሚቻል ክበቡ ቢያስረዳን ደስ ይለናል።

ስለ ሰብለ ወንጌል መንገድ ደግሞ ይህን እናስታውሳለን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ባሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦቢያ ወንድሟን ለመፈለግ ስትወጣ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ሃምሳ ስምንት ዓመት ቈይቶ ሰብለ የወደደችውን ለመፈለግ ስትወጣ የመነኩሴ ልብስ ትለብሳለች። ሁለት ደራሲዎች፥ ሁለት ዘመን፤ የሴት ልጅ መንገድ ግን ያው ራስን መደበቅ ነው። በመድረክ ላይ ልብሱን ስትለውጥ ብናያት አዳራሹ ውስጥ ያሉ እኅቶቻችን ከተራኪው ዐረፍተ ነገር ይልቅ ብዙ ይረዱት ነበር። ከገጠር ወደ ከተማ ለትምህርት ሲመጡ የአውቶቡስ ጉዞውን እንዴት እንዳለፉት የሚነግሩን እነርሱ ናቸው።

ነገሩ በእኛ አገር መጽሐፍ ብቻ የሚታይ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ኦቴሎ» ውስጥ የጄኔራሉ የቆዳ ቀለም ለጠላቶቹ የስድብ መክፈቻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ኦቴሎ አንድ ጊዜ ለባርነት ተሽጦ እንደ ነበር ለዴዝዴሞና መተረኩንም እናስታውሳለን። ጥቂት ሰው የሚያስተውለው ግን አንዲት ሌላ ሴት መኖርዋን ነው። ዴዝዴሞና በመጨረሻው ሌሊት የምታዜመውን የሐዘን ዜማ የተማረችው ባርባሪ ከምትባል ከእናቷ አገልጋይ ነው። ስሟ ራሱ የሰሜን አፍሪቃን ጠረፍ ያስታውሳል። ባርባሪ መድረክ ላይ አትወጣም፤ ወዳጅዋ ጥሏት ሞተች ይባላል፤ ዜማዋን እመቤት ትዘፍነዋለች። እውነቱን በአደባባይ የምታወጣው ኤሚሊያም አገልጋይ ናት፤ ስለ ተናገረችም ባሏ ይገድላታል። የገዛ ታሪኩን ተናግሮ የተሰማለት አንድ የተሸጠ ሰው አለ፤ እርሱም ወንድና ጄኔራል ነው።

ይህን ሁሉ ስናነብ በእኛው አገር፥ ከጅማ ብዙም በማይርቀው በሊሙ፥ የባርባሪን ዕጣ የሰበረች አንዲት ልጅ እንደ ነበረች ስንቶቻችን እናውቃለን?

አስቴር ጋኖ በነጻነት ተወልዳ ሳለ በሊሙ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆነች። ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን በባሕር ላይ ያዙት። ነጻ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ኦኔሲሞስ ነሲብ፥ እርሱም በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሽጦ የነበረ ሰው፥ የቋንቋ ስጦታዋን አስተዋለ። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ሥራ ተሰጣት። ከዚያም በልጅነቷ የሰማችውን ከአእምሮዋ እያወጣች አምስት መቶ የሚሆኑ እንቆቅልሾችን፥ ተረቶችን፥ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ጻፈች። ከእነዚህ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 «ጀልቀበ በርሲሳ» በተባለው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ታተሙ፤ ፊደሉም ይኸው እኛ የምንጽፍበት ፊደል ነበር።

አስቡት እንግዲህ። ከቤቷ የተወሰደች ልጅ ከቤቷ ይዛ የወጣችው ሌላ ንብረት አልነበራትም፤ ያንን ነው በወረቀት ላይ ያሰፈረችው። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲወጣ በተርጓሚነት የተጠራው ኦኔሲሞስ ነው፤ አስቴር አብራው እንደ ሠራች ታሪክ ጸሐፊዎች ቢመሰክሩም። ኦኔሲሞስን ለመውቀስ አንጽፍም፤ እርሱ ባያስተውላት ኖሮ እኛም ስሟን አናውቀውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ሄዳ በነቀምት አስተማረች።

ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስንጎበኝ የእንጨቱን ሥራ እናደንቃለን፤ ይገባዋልም። ከኰረብታው ሥር የነበረው የሂርማታ ገበያ ግን በቡናና በዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም የሚታወቀው፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ባርነትን የሚሽረው ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከአንድ ሰው ዕድሜ እምብዛም አይበልጥም። በመድረክ ላይ ቡና ይዛ ገብታ አማርኛ የምትሰብረው ሴት በዚህ ከተማ ዝም ብላ የመጣች ቀልድ አይደለችም። ታሪክ አላት።

ስለዚህ ለክበባችን ያለን ጥያቄ የሚከተለው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ሦስት የልቅሶ ትዕይንቶች አሉ፤ አንዱ ይበቃል። በተረፈው ጊዜ ውድነሽና ቦጋለ ይመለሱ፤ ገበሬዎቹም ቢያንስ በአንድ ትዕይንት ይግቡ፤ ሰብለ ልብሷን በተመልካች ፊት ትለውጥ። የአገልጋይቱ ሰባራ አማርኛ ይውጣ። መጋረጃው ከመከፈቱ በፊትም አስቴር ካሰባሰበቻቸው ተረቶች አንዱ በኦሮምኛ ይነበብ፤ የሚያነቡ ሁለት አባሎች ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውናል። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህራኖቻችንም በጽሑፉ እርማት ቢረዱን ክበቡ እምቢ የሚል አይመስለንም።

የክበቡ ስብሰባ ሐሙስ በ11 ሰዓት በትንሹ አዳራሽ ነው። የመጽሐፉ ቅጂ ጥቂት ስለ ሆነ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ካለው ላይ የመጀመሪያዎቹ ገጾች፥ የውድነሽ ክፍል፥ ተገንጥለው ጠፍተዋል።