ተራው የእኛ ነው

ይህን የምጽፈው በቶርንተን፣ በኦሮራና በዴንቨር ለምንኖር፣ ከሠላሳ እስከ ሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ለምንገኝ ኢትዮጵያውያን ካቶሊኮች ነው። ከአዲግራት ለመጣችሁ፣ ከሆሳዕና፣ ከሶዶ፣ ከመቂ፣ ከአዲስ አበባ፤ በግዕዝ ሥርዓት ላደጋችሁም፣ በላቲን ላደጋችሁም። ወላጆቻችን በዘመድ አዝማድ መካከል «የፈረንጅ ሃይማኖት» እየተባለባቸው አጥብቀው የያዙትን እምነት፣ እኛ ማንም ሳይነካን፣ ማንም ሳያሳድደን ቀስ በቀስ እየለቀቅነው ነው። በአደባባይ ተውኩት የሚል የለም። አንድ እሑድ ይቀራል፤ ከዚያ ወሩ ያልፋል፤ ከዚያ ለልደትና ለፋሲካ ብቻ ይመጣል፤ አንድ ቀን ልጁ «እኛ ምንድን ነን?» ብሎ ሲጠይቀው የሚመልሰው ያጣል።

የምንለቀው እኛ ብቻ አይደለንም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲጠይቅ ከአሜሪካ አዋቂዎች 24 በመቶው ካቶሊክ ነን ብለው ነበር። በ2023 እና በ2024 ሲጠይቅ 19 በመቶ ሆኑ። ዛሬ በዚህ አገር አንድ አዋቂ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲገባ ከስምንት በላይ የሚሆኑ ወጥተዋል። ከሜክሲኮ፣ ከቬትናም፣ ከፊሊፒንስ፣ ከአፍሪካ የሚመጣው ስደተኛ ባይኖር ቁጥሩ ከዚህም በታች በወረደ ነበር፤ ይህን ለማወቅ በሰሜን ዴንቨር በአንድ የእሑድ ቅዳሴ ላይ ዙሪያን መቃኘት ይበቃል።

ምክንያት አናጣም። የኤርፖርት የሌሊት ሺፍት፣ ኡበር፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚሠራ ሁለተኛ ሥራ። ድካሙ እውነት ነው። ግን ለሠርግና ለለቅሶ በበረዶ ከቶርንተን ኦሮራ ድረስ የምንነዳ ሰዎች ነን። ያመንነው ነገር ሲጠራን መንገዱ ርቆብን አያውቅም።

ብዙዎቻችን በልባችን ይዘን የማንናገረው ምክንያት ሌላ ነው። በ2019 የኮሎራዶ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤትና ሦስቱ የካቶሊክ ሀገረ ስብከቶች፣ ማለትም ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስና ፑዌብሎ፣ ተስማምተው ቦብ ትሮየር የተባሉት የቀድሞ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ የቤተ ክርስቲያኒቱን መዝገቦች እንዲመረምሩ አደረጉ። በኦክቶበር የወጣው ሪፖርት ከ1950 ወዲህ 43 ካህናት ቢያንስ 166 ሕፃናትን በወሲብ እንደበደሉ ገለጠ። በ2020 መጨረሻ የወጣው ተጨማሪ ሪፖርት ቁጥሩን ወደ 52 ካህናትና 212 ተጎጂዎች አደረሰው። አንድ ካህን ብቻውን ቢያንስ 63 ሕፃናትን በድሏል፤ ከአንዱ ቁምስና ወደ ሌላው እየተዛወረ። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። በአንድ ካህን ላይ የመጀመሪያው ክስ ለሀገረ ስብከቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ከአገልግሎት እስኪታገድ ድረስ በአማካይ 19 ዓመት ተኩል አልፏል። ያን ዕለት የተወለደ ልጅ አድጎ፣ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይይዛል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ አውቆ ዝም ያለ።

ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት ሌላም አለ፤ አብዛኛው በደል የተፈጸመው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ነው፤ መርማሪው በመዝገቡ ያገኙት የመጨረሻው የ1998 ነው። ይህም በሚዛኑ ላይ ሊቀመጥ ይገባል። ሆኖም 1998 ሩቅ አይደለም። ከዚያ አምስት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 1993፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ለዓለም አቀፍ የወጣቶች ቀን ዴንቨር መጥተው ነበር። ኦሮራ አጠገብ ባለው በቼሪ ክሪክ ፓርክ በተደረገው የመዝጊያ ቅዳሴ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው እንደተገኘ ይገመታል። ሜዳው ላይ ያደሩት ወጣቶች ዛሬ የሃምሳ ዓመት ጎልማሶች ናቸው። እነሱ በዚያ ሜዳ ሲዘምሩ የክሶቹ ወረቀቶች በመሳቢያ ተቆልፈው ነበር። ከእነሱ መካከል ሪፖርቱን አንብቦ እሑድ ጠዋት ከቤቱ መውጣት ያቃተው ቢኖር እኔ አልፈርድበትም። በ2019 የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሎፕ ከአሜሪካ ካቶሊኮች 37 በመቶው በዚህ ዜና ምክንያት በእምነታቸው ለመቆየት እንደተጠራጠሩ መዝግቧል፤ በ2002 ይህን ያሉት 22 በመቶ ነበሩ።

ሕጉም ለተጎጂዎች በሩን ሙሉ በሙሉ አልከፈተም። በ2021 የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች ጊዜ ያለፈባቸው ተጎጂዎች እንዲከሱ የሚፈቅድ ሕግ አወጡ፤ በ2023 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ነው ብሎ ሻረው። እንግዲህ ፍርድ ቤት የማይደርስላቸው ሰዎች በዚህ ከተማ፣ ምናልባትም እኛ በምንቀመጥበት ረድፍ አሉ ማለት ነው። ፍርድ ቤት ካልደረሰላቸው እኛ ደግሞ ጆሯችንን እንንፈጋቸው?

እዚህ ላይ ስለራሳችን እንነጋገር። ይህን ዜና የሰማነው እንደ ነጮቹ ጉዳይ ነው። «የእነሱ ካህናት» አልን። ነገር ግን 19 ዓመት ተኩል የሚያስቆጥረውን ዝምታ እኛም ቤት ውስጥ እናውቀዋለን። ገመና አይወጣም ተብለን አድገናል። ልጅ ስለ ትልቅ ሰው የሚያስከፋ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ድንጋጤያችን ለልጁ አይደለም፤ ለትልቁ ሰው ክብር፣ ለቤተሰቡ ስም ነው። «አባን እንዲህ ትላለህ?» «አጎትህን?» ይባላል፣ ልጁም ሁለተኛ አይናገርም። ነገሩ ከገፋ ሽማግሌ ይላካል። ሽምግልና ለመሬት ድንበርና ለባልና ሚስት ጠብ ትልቅ ሀብታችን ነው። ሕፃን ለተነካበት ጉዳይ ግን ሽማግሌ አይላክም፤ ይደወላል። የኮሎራዶ የሕፃናት ጥቃት መጠቆሚያ መሥመር 844-264-5437 ነው፤ ሌሊትም ቀንም ይሠራል። ይህ ቁጥር በያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ ሊኖር ይገባል። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ያላችሁን ተናገሩ። ማረጋገጥ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ የእነሱ ነው።

በደሉ የካህናት ነው፣ ይቅርታ መጠየቅና ካሣ መክፈልም የጳጳሳት ነው የምትሉኝ ትክክል ናችሁ። የጠፋውን አመኔታ ግን ጳጳስ በመግለጫ አይመልሰውም። የኛው ታሪክ ይህን ያስተምራል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ሲገልጡ የቀረቧቸው ፔድሮ ፓኤዝ የአገሩን ቋንቋ የተማሩ፣ ሰው የሚያዳምጡ ካህን ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን በንጉሥ ሥልጣን ተደግፈው ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ጾሙና ሥርዓቱ ይለወጥ አሉ። ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ራሳቸው አዋጃቸውን ሻሩ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ካቶሊክ የሚለው ስም በአገራችን ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የጥርጣሬ ስም ሆኖ ቆየ። የእኛ እናቶችና አባቶች «የፈረንጅ» የተባሉት የዚያ ጦስ ነው፤ ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች ያደረጉትን አራት መቶ ዓመት የሚሸከመው ተራው ምእመን ነው። ዛሬ በኮሎራዶም እንደዚሁ።

ያ ስም ትንሽ የጸዳው በሌላ መንገድ ነው። ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 ሲመጡ ጦርም አዋጅም አልያዙም። የአገሬውን መነኩሴ ልብስ ለብሰው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ ከሰው ቤት ደጅ ተቀምጠው ተወያዩ። የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ከእሳቸው ጋር ለዓመታት ተከራክረው፣ ግብፅና ሮም ደርሰው ተመልሰው ነው ያመኑት፤ ለእምነታቸው በ1855 በሰንሰለት ታስረው ሞቱ። ሁለቱን ያገናኛቸው እውነት ፈላጊነት ነው። ጠያቂን የማትፈራ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ልጆቻችን የሚፈልጓት ይህችን ነው።

ምሳሌ ለመፈለግ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእኛ ሱቆችና ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ምዕራብ ብትነዱ የዴንቨር ካቴድራል ትደርሳላችሁ። እዚያ የጁልያ ግሪሊ አፅም አርፏል። ሚዙሪ ውስጥ ባሪያ ሆነው የተወለዱ ሴት ናቸው፤ ጌታቸው እናታቸውን ሲገርፍ ጅራፉ አንድ ዓይናቸውን አጥፍቶታል። ዴንቨር መጥተው ሰው ቤት እያጸዱ ኖሩ። በላሪመር ጎዳና ባለው የቅዱስ ልብ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነበሩ። ከራሳቸው ጥቂት ደመወዝና ከለመኑት፣ ምግብ፣ ልብስና ከሰል በቀይ ጋሪ እየጎተቱ ለድሆች ያደርሱ ነበር። የሚያደርሱት በሌሊት ነበር፤ ድሃ ነጮች ከጥቁር ሴት ሲቀበሉ ጎረቤት አይቷቸው እንዳያፍሩ። የከተማውን የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ሁሉ በእግራቸው እየዞሩ ለሠራተኞቹ የጸሎት ወረቀት ያድሉ ነበር። በጁን 1918 ዐረፉ። ካህን አልነበሩም፣ መነኩሲት አልነበሩም፣ ቢሮ አልነበራቸውም። በ2017 ሀገረ ስብከቱ አፅማቸውን ወደ ካቴድራሉ አስገባ። በዚህ ከተማ ድሃው ቤተ ክርስቲያንን ያመነው እንዲህ ባለች ምእመን እጅ ነው።

ታዲያ ከእኛ ምን ይፈለጋል? ጥቂት ነገር፣ ግን ቋሚ።

የአሜሪካ ጳጳሳት በ2002 ዳላስ ላይ ያጸደቁት ደንብ በቤተ ክርስቲያን ከሕፃናት ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ የወንጀል ታሪኩ እንዲጣራና ሥልጠና እንዲወስድ ያዛል። ሥልጠናውን ውሰዱ፤ ለማስተማር ባትፈልጉም። አንዴ ከወሰዳችሁት ዓይናችሁ ይለወጣል። የሕፃናት መማሪያ ክፍል በር መስታወት አለው ወይ? ከውጭ የሚያልፍ ሰው ወደ ውስጥ ማየት ይችላል ወይ? ክፍሉ ውስጥ ያሉት አዋቂዎች ሁለት ናቸው ወይስ አንድ? ልጅ ወደ መጸዳጃ ሲሄድ ማን ይከተለዋል? እኛ በቤታችን፣ በማኅበራችን፣ በሠርግ አዳራሽ ኮሪደር ልጆቻችን ለሰዓታት ከዓይናችን ሲጠፉ ግድ የማይለን ሰዎች ነን፤ ሁሉም የኛ ሰው ነው እያልን። ያው ጥያቄ ወደ ማኅበራችንም ይምጣ።

ሌላው ገንዘብ ነው። የላቲን ሥርዓት ቀኖና ቁጥር 537 እያንዳንዱ ቁምስና የምእመናን የገንዘብ ጉባኤ እንዲኖረው ያዛል። በዚያ ጉባኤ ውስጥ የኛ ሰው ስንት ነው? በሙዳየ ምጽዋት የገባው ሲቆጠር የማይዛመዱ ቢያንስ ሁለት ሰዎች መቀመጥ አለባቸው፤ ከመካከላችን የሒሳብ ሥራ የሚሠሩ፣ የባንክ ቤት ሠራተኞች፣ የግብር ፎርም የሚሞሉ ሞልተዋል። ለዕቁባችን ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጠን በየወሩ የምንቆጣጠር ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ሲሆን እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም። ካህኑን መጠየቅ አለማመን አይመስለኝም። ካህኑንም ከሐሜት ያድነዋል፤ መልካም ካህናት፣ ብዙዎቹም መልካም ናቸው፣ ይህን ጥያቄ ይፈልጉታል።

ለልጆቻችሁ ደግሞ እውነቱን ንገሯቸው። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሪፖርቱን በስልኩ በሁለት ደቂቃ ያገኘዋል። ከእናንተ ካልሰማው፣ እናንተም ከደበቁት ወገን ናችሁ። ስለ አባ ገብረ ሚካኤል የምትነግሩትን ያህል ስለ 212ቱ ተጎጂዎችም ንገሩት። ስድስት ኪሎ ባለው የማዘር ቴሬዛ እኅቶች ቤት ማንም ያልፈለገውን በሽተኛ የሚያጥቡትን እኅቶች ንገሩት፤ በ1979 ደርግ ያሰራቸውንና ኋላ ካርዲናል የሆኑትን አቡነ ብርሃነኢየሱስንም። ሁለቱንም አብረው ይስሙት። አንዱን ብቻ የሰማ ልጅ ሌላውን ሲያውቅ ይሄዳል።

የመጨረሻው ቃሌ ለወጣችሁት ነው። ከእናንተ መካከል ወደ ጓደኞቻችሁ ቤተ ክርስቲያን የሄዳችሁ፣ ምንም ወደሌለበት የሄዳችሁ፣ እዚሁ ተወልዳችሁ አማርኛው የሚያስቸግራችሁ አላችሁ። ተመለሱ ብዬ አልጀምርም። ለምን እንደሄዳችሁ ንገሩን። ከመጪው ዐቢይ ጾም በፊት እኔ ቶርንተን ያለውን ቤቴን እከፍታለሁ፤ ኦሮራ ያላችሁም የናንተን ክፈቱ። ቡና እናፈላለን። እናንተ ካልጠየቃችሁ ካህን አንጠራም። ወላጆች ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም። እናንተ በፈቀዳችሁት መጠን የተናገራችሁት ይጻፋል፤ ስማችሁ ሳይጠቀስ ለቁምስናው ጉባኤ ይቀርባል፤ ጉባኤው የሰጠውን መልስም በጽሑፍ እናመጣላችኋለን። ቀኑን እናንተ ምረጡ፤ ቋንቋውንም።