ውጤቱ ሳይመጣ ቤታችንን እናዘጋጅ

 

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ማግስት፣ ከኢሻእ ሶላት በኋላ መስጊዱን ልንዘጋ ስንል ከኋላ ጥግ ላይ አንድ ልጅ ተኝቶ አገኘን። ደክሞት መስሎን ቀሰቀስነው። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እኛው ዘንድ ቁርአን የቀራ፣ እናትና አባቱንም በደንብ የምናውቃቸው። «ተነስ ልጄ፣ ቤትህ ሂድ እንጂ» ብንለው ዝም አለ። ደግመን ስንጠይቀው «ሸኽ፣ ዛሬ እዚህ ልደር» አለን። ፈተናውን አላለፈም ነበር። አባቱ ምን እንደሚለው ስለሚያውቅ እህል ሳይቀምስ ከተማውን ሲዞር ውሎ ነው ወደ መስጊድ የመጣው።

ያን ሌሊት ይዘነው ወደ ቤቱ ሄድን። እናቱ በር ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። አባቱ ልጃቸውን ፍለጋ ፖሊስ ጣቢያና ሐኪም ቤት ሲዞሩ ቆይተው ገና መመለሳቸው ነበር። ልጁን ሲያዩት ውጤት የሚባል ነገር አላነሱም፤ አቅፈውት አለቀሱ። ኋላ ለብቻችን ስናወራ «እኔ እኮ እንዲበረታ ብዬ ነው ያስፈራራሁት» አሉን።

እኚህ አባት ክፉ ሰው አይደሉም። አብዛኞቻችን እንደሳቸው ነን። ልጃችን እንዲያልፍ እንፈልጋለን፤ ሌላ የምንረዳበት መንገድ ሲጠፋን ደግሞ እንቆጣለን። እኛ ያልተማርነውን እንዲማር፣ እኛ ያላየነውን እንዲያይ ስንል እናስፈራራዋለን። ልጁ ግን ከቁጣው ውስጥ ፍቅሩን አይሰማም። የሚሰማው «ካላለፍክ ቤቴ አትምጣ» የሚለውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ፣ ፈተናው ገና ወራት ሲቀሩት፣ በዚህ በተባረከ ወር ስለዚህ ጉዳይ እንነጋገር ብለናል።

መጀመሪያ እውነቱን እንይ። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ እየተሻሻለ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ግማሹን ሳያመጡ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። እነዚህ ሁሉ ሰነፎች ናቸው ማለት አይቻልም። መጽሐፍ ያልደረሳቸው፣ መምህር ያልተሟላላቸው፣ ግጭት ትምህርት ቤታቸውን የዘጋባቸው ብዙ ናቸው።

ይህን የምንለው ልጆቻችን ተስፋ እንዲቆርጡ አይደለም። ወላጅ ሁሉ ለማለፉ ቀን ድግስ ያስባል፤ ላለማለፉ ቀን ግን የሚዘጋጅ የለም። ቁጥሩ የሚነግረን ግን ከብዙዎቻችን ቤት የሚደርሰው ይኸኛው ቀን መሆኑን ነው።

እኛ ኢማሞችም ከጥፋቱ ነፃ አይደለንም። በየዓመቱ ውጤት ሲወጣ ያለፉትን ልጆች በጁመዐ ቀን በማይክራፎን ስም እየጠራን፣ ከፊት እያቆምን፣ ሙስሐፍ እንሸልማለን። በጎ ሥራ መስሎን ነበር፤ በጎም ነው። ነገር ግን ያ ልጅ በዚያች ሌሊት መንገድ ላይ «ስሜ ሲጠራ እናቴ ከሴቶች በኩል እንድትሰማ ነበር የማጠናው» ሲለን፣ ስማቸውን ያልጠራናቸው ልጆች በዚያ ጁመዐ የት እንደሚቀመጡ አስበን እንደማናውቅ ተገነዘብን። ከዚያ ወዲህ በኛ መስጊድ የተፈተኑትን ሁሉ በአንድነት አስነስተን ዱዓ እናደርግላቸዋለን። ያላለፉትን ደግሞ በማግስቱ እየጠራን እናነጋግራቸዋለን።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጆችን እንዴት እንደያዙ እንመልከት። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) እሳቸውን ማገልገል የጀመረው የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ነው። አሥር ዓመት አብሯቸው ኖረ። ዛሬ እኛ «አስቸጋሪ ዕድሜ» የምንለውን የጉርምስና ጊዜውን በሙሉ እሳቸው ዘንድ አሳለፈ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ» እንዳላሉት፣ ላደረገው «ለምን አደረግህ»፣ ላላደረገው «ለምን አላደረግህም» ብለው እንዳልወቀሱት ራሱ አነስ ተናግሯል። ያ ልጅ አድጎ ከታላላቅ የሐዲስ ዘጋቢዎች አንዱ ሆነ። እኛ ከሱብሒ እስከ ኢሻእ ስንት ጊዜ «ለምን» እንደምንል እንቁጠር።

አሁን ወደ ረመዳን ቤታችን እንግባ። የልጆቻችን ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ነውና።

አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዐስር ደርሷል። መግሪብ ላይ ያፈጥራል፣ ተራዊህ ይሰግዳል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ግድም ይተኛል፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ለሱሑር ይነሳል። ስድስት ሰዓት ተኛ ማለት ነው፤ ለወንዱ። እህቱስ? ከትምህርት ቤት እንደመጣች ደብተሯን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሳምቡሳ ትጠቀልላለች፣ ሾርባ ታማስላለች፣ ጎረቤት የሚላከውን ትሰድዳለች። ወንዶቹ ተራዊህ ሲወጡ እሷ ሳህን ታጥባለች። አምስት ሰዓት ትተኛለች። ሱሑር ለማሞቅ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ትነሳለች። የሷ እንቅልፍ አራት ሰዓት ነው። ፈተናው ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሳምቡሳ ለጠቀለለች ተብሎ የሚጨመር ነጥብ የለም።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ በደል ነው። ዓይናችን ለምዶት አላየነውም እንጂ በደል ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ያደርጉ እንደነበር ስትጠየቅ፣ ቤተሰባቸውን ሲያግዙ እንደሚቆዩና ሶላት ሲደርስ እንደሚወጡ ተናግራለች። የአላህ መልእክተኛ የሠሩት የቤት ሥራ ለኛና ለወንዶች ልጆቻችን የሚያሳፍር አይደለም። ስለዚህ በዚህ ረመዳን አባትም ወንድምም ሳህን ይጠቡ። ማዕዱን እናሳንሰው። ስድስት ዓይነት ምግብ የደረደረ ኢፍጣር ጾማችንን አያስበልጠውም፤ ተምር፣ ውሃ፣ ሾርባና አንድ ወጥ ከበቂ በላይ ነው። ፈተና ያለባት ልጅ ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ የሷ ይሁን። ጎረቤት «ልጅቷ የት ሄደች?» ሲል «እያጠናች ነው» ማለት ያኮራል እንጂ አያሳፍርም።

የምሽቱ ነገርም አለ። ብዙዎቻችን የምንኖረው በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ቤት ነው። ከኢፍጣር በኋላ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ እንግዳ ይመጣል፣ በአንዳንዱ ቤት የአባት በርጫ ይዘረጋል። ልጁ ደብተሩን ይዞ የሚቀመጥበት ጥግ ያጣል። ከዚያ «አያጠናም» ብለን እንከሳለን። አንዳንዱ ልጅማ ከአባቱ አይቶ «ለጥናት ይነቃቃል» እያለ ራሱ ጫት ጀምሯል። በዚህ ወር ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ቤቱ ጸጥ ይበል። ቦታ የሌለን እንደሆን የመስጊዱን መድረሳ እንጠይቅ። የየመስጊዱ ኮሚቴም ክፍሎቹን ማታ ከፍቶ፣ መብራትና ጠረጴዛ አዘጋጅቶ፣ ለወንዱም ለሴቷም ተራ አውጥቶ ቢያስጠና ከትልልቅ ሰደቃዎች አንዱን ሰጠ ማለት ነው።

«መስጊድ ውስጥ ፊዚክስና ሒሳብ?» የሚል አይጠፋም። የሲራ ጸሐፊዎች የዘገቡትን እናስታውሰው። በድር የተካሄደችው በረመዳን ነው። ከምርኮኞቹ መካከል የቤዛ ገንዘብ የሌላቸው፣ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት፣ እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን አስተምረው ነፃ እንዲወጡ ተደረገ። አስተማሪዎቹ ሙስሊሞች አልነበሩም፤ ትምህርቱም ፊደል ነበር። በዚሁ በረመዳን ወር በሒራእ ዋሻ የወረደው የመጀመሪያው ትእዛዝም እንድናነብ የሚያዝ ነው። ልጃችን ኒያውን ካስተካከለ፣ ተምሮ ራሱንና ወገኑን ሊጠቅም ካሰበ፣ ጥናቱ ኢባዳ ይሆንለታል።

ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁን ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ለጥናት ብሎ ጾም ይተው?» የሚል ነው። ለአቅመ አዳምና ሔዋን ለደረሰ ጤነኛ ሰው ጾም ግዴታ ነው፤ ጥናት ብቻውን ለማፍጠር ምክንያት አይሆንም። የታመመ ልጅ ግን ሸሪዓው የሰጠው ፈቃድ አለው፤ ሐኪሙንና ዓሊሙን ይጠይቅ፤ እኛ አናክብድበት። በ2008 ዓ.ም. የተሰረቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርዞ ወደ ሰኔ መጨረሻ ሲገፋ፣ ልጆቻችን ረመዳንን ሙሉ እየጾሙ ለፈተናው ተዘጋጅተዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ተራዊህ ነው። ተራዊህ ታላቅ ሱና ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። በማግስቱ ፈተና ያለበት ልጅ ኢሻእን ከጀመዓ ጋር ሰግዶ፣ ከተራዊህ የቻለውን ያህል ሰግዶ ወደ ቤቱ ቢመለስ በክፉ አንየው።

ዱዓን በተመለከተ አንድ ነገር እንበል። ከመግሪብ በፊት ያለችው ሰዓት የጾመኛ ዱዓ የሚከጀልባት ናት፤ እናት እጇን ዘርግታ ለልጇ ትለምን። ዱዓ ግን የጥናት ምትክ አይደለም። ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ፈትቶ ይመካ ብሎ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲያስርና ከዚያ በአላህ እንዲመካ አዘውታል። ልጁም መጽሐፉን ያንብብ፣ ከዚያ ይመካ። ከዚህ የባሰው ደግሞ «መልስ አለ» የሚሉ የቴሌግራም ነጋዴዎችን ፍለጋ ገንዘብ የሚከፍል ወላጅ ነው። ማታለል ሐራም ነው። ከሱብሒ እስከ መግሪብ ከሐላል ምግብ ታቅቦ፣ በሰረቀው ወረቀት ሕይወቱን የሚጀምር ልጅ ማሳደግ ምን የሚሉት ጾም ነው? በሐቅ የመጣ ሠላሳ፣ በስርቆት ከመጣ ሰባ ይሻላል። ይህን ልጁ ከኛ አፍ መስማት አለበት።

ወደ ተነሳንበት እንመለስ። የመጀመሪያው ዝግጅት የምላስ ነው። «የእገሌን ልጅ አታይም?» የሚለው ንግግር ከቤታችን ይውጣ። በዚህ ረመዳን፣ አንድ ምሽት ከኢፍጣር በኋላ፣ ወላጅ ልጁን ለብቻው ያስቀምጥና ይህን ይበለው፦ «ልጄ፣ አቅምህን ሁሉ እንድትሰጥ እፈልጋለሁ። ውጤቱ ግን የአላህ ነው። ምንም ቢመጣ፣ መጀመሪያ የምትነግረኝ ለእኔ ነው፤ በሩም ክፍት ነው።» ይህ ንግግር ልጁን ያሰንፈዋል ብለን እንፈራለን። እኛ ከብዙ ልጆች ጋር ኖረን ያየነው ሌላ ነው፤ የሚያሰንፈው ፍርሃት ነው። የፈራ ልጅ መጽሐፍ ገልጦ የሚያየው የአባቱን ፊት ነው።

ካላለፈም መንገዱ አልተዘጋም። የሬሜዲያል ትምህርት አለ፤ በግል ተመዝግቦ ድጋሚ መፈተን አለ፤ ቴክኒክና ሙያ አለ፤ ሥራና ንግድም አለ። እኛ ራሳችን ወሎ ገጠር ውስጥ ሉሕ ይዘን ስንቀራ፣ አንዷን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ወድቀንባት በአራተኛው የያዝናት ደረሶች ነበርን። ሸኻችን አንድ ቀን እንኳ ከደጃቸው አላባረሩንም። ቢያባርሩን ኖሮ ዛሬ ይህችን ጽሑፍ የሚጽፍ አይኖርም ነበር።

ያ በመስጊድ ጥግ የተገኘው ልጅ ዛሬ የት እንዳለ የሚጠይቅ ይኖራል። በቀጣዩ ዓመት ድጋሚ ተፈትኖ አላለፈም። አሁን የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ ይሠራል፤ የመስጊዳችንን መብራት የዘረጋው እሱ ነው። አባቱ በየረመዳኑ ከጎኑ ቆመው ተራዊህ ይሰግዳሉ።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው፤ ለኛም የማያስፈሩበት ቤት እንድንሠራላቸው ያግዘን። ጾማችንን ይቀበለን። አሚን።