ከጊታሩ ጎን በገናም ይሰቀል

ጊታር የሚሰበስብ ሰው ስለ እንጨቱ ዓይነት፣ ስለ ክሩ፣ ከውስጥ ስለተገጠመው ፒክአፕ ሁሉ ይጠበባል። ይህ ጥንቃቄ ለራሳችን መሣሪያዎችም ይገባል፤ ከሁሉ በፊት ለበገና።

አኮስቲክ ጊታርን ከድምፅ ማጉያ ጋር ከሚያገናኙት ፒክአፖች አንዱ በድልድዩ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ ክሪስታል ነው። ክሩ ሲርገበገብ ክሪስታሉ ግፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። አሠራሩን ካስፋፉት አንዱ የአሜሪካው ኦቬሽን ኩባንያ ነው።

በገና ግን ከጊታር ይለያል። በጥንቱ አሠራር አሥሩ ክሮቹ ከበግ አንጀት ይዘጋጃሉ። በክሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ የሚያስገመግም ድምፅ ትሰጠዋለች። ድምፁን ለማጉላት ከፊቱ የሚደቀን ማይክሮፎን የደርዳሪውን ቃልና የክሩን ድምፅ አብሮ ይወስዳል። በርኩማው ላይ የሚለጠፍ ፒክአፕ የክሩን ድምፅ ለይቶ ያነሣል፤ የበገናውን ገላ መብሳትም አያስፈልግም።

መምህር ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ ነበር። በደርግ ዘመን ትምህርቱ ተቋርጧል። ደርዳሪዎቹ ጸንተው ባይዙት ኖሮ ዛሬ የምንሰማው በገና ባልኖረ ነበር።

አሁን ናይለን አንጀቱን እየተካ ነው። የራቤል ከተማ ያለችበት የመንዝና የግሼ ደጋ ግን በበጉ የታወቀ ነው፤ ጥሬ ዕቃው ከደጅ አለ። የሰሜን ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ የራቤልን ወጣቶች ክር ማዘጋጀትና በገና መሥራት ቢያሠለጥን ሙያም ገቢም ይሆናቸዋል። ጊታር ሰብሳቢዎችም ቀጣዩን ጊታር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ በገና እዘዙ፤ ክሩም የአንጀት ይሁን።