በባዕድ ከተማ ትዳር ያቀናች እናት

ሴት ልጅ ከአባትዋ ቤት ወጥታ አዲስ ጎጆ ስትመሠርት ዘመድና ጎረቤት ይደግፋታል። ባሕር ተሻግራ ከማታውቀው ከተማ የገባችው ግን ብዙውን ነገር በገዛ ጉልበትዋ ታቀናለች። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የአየርላንድ ተወላጅ የነበረችውን የአኒ ሙርን ታሪክ ነው።

በአየርላንድ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1845 እስከ 1852 የድንች በሽታ ጽኑ ራብ አምጥቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። ከዚያም ወዲህ ሕዝቡ ወደ አሜሪካ መሰደዱን አላቋረጠም። የአኒም አባትና እናት ቀድመው ኒውዮርክ ገብተው ነበርና፣ እርስዋ ሁለት ታናናሽ ወንድሞችዋን ይዛ ኔቫዳ በምትባል መርከብ ተከተለቻቸው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 የኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ ሲከፈት ከሁሉ አስቀድማ የተመዘገበችው ይህችው የ17 ዓመት ልጅ ናት። ሹሙም 10 ዶላር የሚያወጣ የወርቅ ገንዘብ ሸለማት። እስከ 1954 ድረስ በዚያው በር ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አልፎአል።

የወርቁ ደስታ የአንድ ቀን ነው፤ ኑሮው ግን ከዚያ ወዲያ ጀመረ። አኒ ሎወር ኢስት ሳይድ በሚባለው የድኾች ሰፈር ተቀመጠች፤ የዳቦ መጋገሪያ ቤት ሠራተኛ አግብታ ዐሥር ያህል ልጆች ወለደች። ከነዚህም ግማሽ የሚያህሉት ሳያድጉ ሞቱባት። እርስዋም በ1924 በ50 ዓመትዋ ዐረፈች፤ በመቃብርዋ ላይ ግን ስምዋ የተጻፈበት ድንጋይ አልቆመም።

ከዚህም የሚያሳዝነው፣ ዘመን ሲያልፍ ታሪክዋ በቴክሳስ ለኖረች ለሌላ አኒ ሙር መሰጠቱ ነው። በ2006 የትውልድ መርማሪዎች መዝገብ አገላብጠው ያችኛይቱ ከቶ ከአየርላንድ እንዳልመጣች አስረዱ፤ እውነተኛይቱንም አገኙ። በ2008 ከአየርላንድ በመጣ ድንጋይ የተሠራ መስቀል በመቃብርዋ ላይ ቆመላት።

እንግዲህ ልብ እንበል። የአኒን ስም ከመጥፋት ያዳነው ወርቁ አይደለም፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ነው። እኛ የአባቶቻችንን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ቤቱን ያቀኑትን እናቶች ስም ግን ስንቶቻችን ጽፈን አኑረናል? ከወዴት እንደ መጡ፣ ስንት ልጅ እንደ ወለዱ፣ በሕፃንነቱ የተቀበረው እንኳ ሳይቀር፣ በየቤታችን ደብተር ይጻፍ። ይህ ወጪ የለበትም፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ግን መፈጸም አለበት።